አዲስ አበባ የረጋው፣ ጅዳ የሚፈሰው ማር

ጥያቄ፦ «በሰኔ ከማሻ 6 ኪሎ ማር አስመጣሁ። ግማሹን ጅዳ ለምትኖረው እህቴ በሰው ላክሁላት። የኔው አዲስ አበባ የቀረው በመስከረም እንደ ቅቤ ነጣ፣ ጠጠረ፤ ማንኪያ አላስገባ አለ። የእህቴ ግን እስካሁን ወለላ ነው። ጎረቤቴ ‹ስኳር አፍልተው ነው የሸጡልሽ› አለችኝ። በክብሪት ሞከርነው፣ አልነደደም። ውሃ ውስጥ ስንጨምረው ደግሞ ሳይሟሟ ሰመጠ። የቱን ልመን? የ9 ወር ልጄን ሳል ይዟታል፤ አሙቄ ላቀምሳት አስቤ ፈራሁ። ማሩን ልጣለው ወይስ ለሻጩ ልመልስለት?»

መልስ፦ ከልጅዎ ልጀምር፤ እሱ ቀጠሮ አይሰጥም። ማር አይስጧት። የረጋውንም፣ የፈሰሰውንም፣ የሞቀውንም፣ ንጹሕነቱ በላብራቶሪ የተረጋገጠውንም ቢሆን። ምክንያቱን ወደ ታች አስረዳለሁ።

ማሩን ደግሞ አይጣሉት፣ አይመልሱትም። የጎረቤትዎ ፍርድ ሚዛን አያነሳም፤ ይህን የሚነግሩን ራስዎ ነዎት። ሁለቱም ማር ከአንድ ዕቃ ነው የተቀዳው። ስኳር ቢገባበት ኖሮ የእህትዎም ውስጥ ይኖር ነበር። የተለየው ማሩ ሳይሆን የተቀመጠበት ቤት ነው።

«ማሩ ስኳር አለው?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሌም «አዎ» እላለሁ፤ ይደነግጣል። ማር አራት አምስተኛው ስኳር ነው። ጥያቄው ስኳሩን ማን አስገባው የሚለው ነው። ንቧ ከአበባ የምትቀስመው ጣፋጭ ፈሳሽ አብዛኛው ውሃ ነው። ቀፎ ውስጥ ኢንዛይም ትጨምርበትና ስኳሩን ወደ ሁለት ቀላል ስኳሮች፣ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ፣ ትሰብረዋለች። ከዚያ ንቦቹ በክንፋቸው እያራገቡ ውሃውን ያተኑታል። አንዲት ሠራተኛ ንብ ዕድሜ ልኳን ለፍታ የምታተርፈው ማር የአንድ የሻይ ማንኪያ 12ኛ እጅ ገደማ ነው።

አሁን 100 ግራም ማር እንውሰድ። 38 ግራም ያህሉ ፍሩክቶስ፣ 31 ግራም ያህሉ ግሉኮስ፣ 17 ወይም 18 ግራሙ ውሃ ነው። ቀሪው ሌሎች ስኳሮች፣ አሲድ፣ ማዕድንና ሽታ የሚሰጡ ነገሮች ናቸው። ፍሩክቶስ በውሃ በጣም ይሟሟል፤ በዚያች ትንሽ ውሃ አይቸገርም። ጣጣው ግሉኮስ ላይ ነው። 18 ግራም ውሃ ብቻውን፣ በተራ የክፍል ሙቀት፣ ሊያሟሟ የሚችለው ግሉኮስ 20 ግራም አይሞላም። ማሩ ውስጥ ያለው ግን 31 ነው። በሌላ አነጋገር ማር ትርፍ ጭኖ የሚሄድ ሚኒባስ ነው። ብርዱ ደግሞ ትራፊክ ፖሊሱ። ብርዱ ሲመጣ ትርፉ ግሉኮስ ይወርዳል፤ ሲወርድ ጥቃቅን ክሪስታል እየሠራ ነው። እኛ «ረጋ» የምንለው ይህን ነው።

ይህ የትራፊክ ፖሊስ በጣም የሚበረታው ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ባለው ሙቀት ላይ ነው። ማር ለማርጋት የተመቸው ሙቀት 14 ዲግሪ ገደማ መሆኑን የሙያው ሰዎች በደንብ ያውቁታል። የአዲስ አበባ አማካይ ሙቀት ስንት ነው? 16 አካባቢ። ክረምት ሙሉ ፀሐይ ያላየ የኩሽና ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀመጡት ማር በመስከረም ባይረጋ ነበር የሚገርመኝ። ጅዳ ግን ኩሽናው ማታም ቀንም 25 ዲግሪና ከዚያ በላይ ነው፤ ትርፉ ሳይወርድ ይቆያል። ቀፎ ውስጥም እንዲሁ ነው። ንቦች እጭ የሚያሳድጉበትን ቦታ 35 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚያቆዩት እዚያ ያለ ማር ለረጅም ጊዜ ወለላ ሆኖ ይኖራል።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። ብርድ ያረጋዋል ስላልኩ ፍሪዘር ውስጥ ወዲያው ድንጋይ የሚሆን ይመስላል። አይሆንም። በጣም ሲቀዘቅዝ ማሩ ስለሚወፍር ግሉኮሱ ተንቀሳቅሶ መገናኘት ያቅተዋል፤ ክሪስታል አይሠራም። ማርን ሳይረጋ ለወራት ማቆየት የፈለገ ሰው ፍሪጅ ሳይሆን ፍሪዘር ነው የሚያዋጣው።

መንጣቱም ቀለም ተጨምሮበት አይደለም። ክሪስታሎቹ ብርሃኑን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትኑት ነው። በረዶ ጠርሙስ ይመስላል፤ ሲፈጭ ግን ይነጣል፤ ያው ነው።

አበባውም ድርሻ አለው። ግሉኮስ የበዛበት ቶሎ ይረጋል፣ ፍሩክቶስ የበዛበት ይዘገያል። አውሮፓ ውስጥ የኛ ጎመንዘር ዘመድ ከሆነ የዘይት ተክል የሚገኝ ማር አለ። ንብ አናቢዎቹ ቶሎ ካልቆረጡት እዚያው የማር እንጀራው ውስጥ ይጠጥርባቸዋል። በአንጻሩ የሀንጋሪው ሮቢኒያ ማር ሳይረጋ ከዓመት በላይ ይቆያል። እኛ ጋ ከትግራይና ከላስታ የሚመጣውን ነጭ ማር ብዙ ጊዜ የምናውቀው ረግቶ ነው፤ ዋጋውም ከሌላው ይበልጣል። በሰኔ ከማሻ የመጣ ነጣ ያለ ማር ደግሞ የገተም ማር የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የደቡብ ምዕራቡ ጫካ ነጭ ማር በዋናነት ከዚያ ዛፍ ነው። ሻጩን ይጠይቁት። ያልተጣራ ማር ውስጥ የሚቀሩ የአበባ ብናኝና የሰፈፍ ፍርፋሪም መርጋቱን ያፋጥናሉ፤ ክሪስታሉ የሚይዘው መነሻ ያገኛል።

ሌላው ዓለም እኛ የምንሸሸውን ገንዘብ ከፍሎ ይገዛል። ኤልተን ዳይስ የሚባል የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ማርን ሆን ብሎ የማርጋት ዘዴ አውጥቶ እ.ኤ.አ. በ1935 የፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ማሩን አሙቆ ያቀዘቅዛል፤ ከዚያ ደቃቅ የረጋ ማር እንደ እርሾ ይጨምርበትና 14 ዲግሪ ላይ ያሳድረዋል። በሳምንት ገደማ ዳቦ ላይ እንደ ቅቤ የሚቀባ ማር ይሆናል። የእርስዎ ቁምሳጥን ይህንኑ በነፃ ሠርቶልዎታል። የዳይስን ያህል ላይለሰልስ ይችላል፤ እርሾ ሳይኖር በቀስታ የረጋ ማር ጠጠር ጠጠር ይላል።

እዚህ ላይ ግን ብሬክ ልያዝ። «ከረጋ ንጹሕ ነው» የሚሉም አሉ፤ እነሱም ተሳስተዋል። ስኳር የተቀላቀለበት ማርም ይረጋል። በአበባ እጥረት ወቅት አናቢው ለንቦቹ ስኳር ወይም በሶ ይሰጣል፤ ለነፍሳቸው ነው፣ ነውር የለውም። ያ ስኳር ማሩ ውስጥ ገብቶ ለገበያ ሲቆረጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱም ይረጋል። መርጋት ስለ ሙቀትና ስለ አበባ ይነግረናል። ስለ ሻጩ ሐቀኝነት ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም።

ወደ ክብሪቱ እንምጣ። «ማር የነካው ክብሪት ከነደደ፣ ውሃ ውስጥም ሳይሟሟ ከሰመጠ ንጹሕ ነው» ይባላል። ክብሪት ማር ውስጥ ነክሮ መጫር የሚለካው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የክብሪቱ ራስ ረጥቧል ወይስ አልረጠበም። ወፈር ብሎ የተፈላ የስኳር ሽሮፕ ከማር ያነሰ ውሃ ሊኖረው ስለሚችል ደህና አድርጎ ይነድዳል። 19 በመቶ ውሃ ያለው የጫካ ማር ደግሞ ሊያከሽፈው ይችላል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ፣ ኮዴክስ፣ ለማር እስከ 20 በመቶ ውሃ ይፈቅዳል፤ እና 19 የሆነው ምን አጠፋ? የውሃ ብርጭቆውም ያው ነው፤ ወፍራም የሆነ ነገር ሁሉ ይሰምጣል፣ ሽሮፑም ጭምር። ይህን ፈተና በጣዝማ ማር ላይ ቢሞክሩት ወዲያው ይበተናል። መሬት ውስጥ የምትኖረው የማትናደፈው ንብ ማር ውሃው የበዛ፣ ቀጠን ያለ፣ ኮምጠጥ የሚል ነው። በብርጭቆው ፍርድ «የተጭበረበረ» ልንለው ነው፤ ገበያ ላይ ግን ከተራው ማር እጅግ ይወደዳል።

«ንጹሕ ማር ጉንዳን አይነካውም» የሚለው ደግሞ ያስቀኛል። ማንኛውንም የገጠር ንብ አናቢ ይጠይቁ። በቀፎው ማስቀመጫ እግር ዙሪያ አመድ የሚነሰንሰው ለምን ይመስልዎታል?

የሚሠራው ምርመራ ላብራቶሪ ነው። በማር ውስጥ ሱክሮዝ፣ ማለትም ተራው የሱቅ ስኳር፣ በተለምዶ ከ100 ግራም 5 ግራም መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ያስጠረጥራል። ረቀቅ ያለው ዘዴ የካርቦኑን ዓይነት መለካት ነው። ሸንኮራ አገዳና በቆሎ ካርቦንን ከአየር የሚወስዱበት መንገድ ንቦች ከሚቀስሟቸው አበቦች አብዛኞቹ ከሚጠቀሙበት ይለያል፤ ልዩነቱ ስኳሩ ውስጥ እንደ ማኅተም ይቀራል። የኛ አገር ስኳር ከሸንኮራ ስለሚሠራ እዚህ ወጥመድ ውስጥ ይገባል። ከሩዝ ወይም ሹገር ቢት ከሚባለው የቀይ ሥር ዘመድ የሚሠራ ሽሮፕ ግን ያመልጣል፤ ለእሱ ሌላ፣ ውድ መሣሪያ አለ። ብዙ ሰው ማር ሲገዛ የሚያየው ሪፍራክቶሜትር የሚባለው ትንሽ መነጽር ደግሞ የውሃውን መጠን እንጂ ማጭበርበሩን አይለይም። ለ3 ኪሎ የቤት ማር ይህን ሁሉ ወጪ ማውጣት አልመክርም።

ምላስዎ ትንሽ ይረዳል። ከረጋው ላይ ቆንጠር አድርገው ምላስዎ ላይ ያስቀምጡት። የግሉኮስ ክሪስታል ሲሟሟ ቀዝቀዝ እያለ ቶሎ ይጠፋል። የሸንኮራ ስኳር ግን ጥርስ ስር ይንኮሻኮሻል፤ ብዙ ጊዜም ዕቃው ግርጌ ተጠራቅሞ ነው የሚገኘው። ጥቆማ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፤ በዚህ ተነስተው ሰው እንዳይከሱ።

አሁን ማሩን ወደ ወለላ እንመልሰው። የሚፈልጉትን ያህል ብቻ፣ አንድ ብልቃጥ፣ ይቀንሱ። ድስት ውስጥ ታች የታጠፈ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ብልቃጡ ብረቱን እንዳይነካ። እስከ ብልቃጡ አንገት ውሃ ያድርጉና ያሙቁት። ጣትዎን ነክረው ሳያቃጥልዎ መቆየት እስከሚችሉ ድረስ፣ ማለትም ከ40 እስከ 45 ዲግሪ፤ ከዚያ እሳቱን ያጥፉ። ክዳኑን ላላ አድርገው በእንጨት ማንኪያ ቀስ እያሉ ያማስሉ። ውሃው ሲቀዘቅዝ ደግመው ያሙቁት። አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ይጠራል፣ መሃሉ ላይ ነጭ ጉብታ ይቀራል፣ በመጨረሻ እሱም ይሰምጣል። አይቸኩሉ። ማይክሮዌቭ አይጠቀሙ፤ አንዱን ቦታ ሲያቃጥል ሌላው ገና ደንጋይ ነው።

ይህን ያህል የምጠነቀቀው ያለ ነገር አይደለም። ማር ሲፈላ ኢንዛይሞቹ ይሞታሉ፣ መዓዛው ይተናል፣ ስኳር ሲሞቅ የሚፈጠር ኤችኤምኤፍ የሚባል ውህድ ይጨምራል። ኮዴክስ የዚህን ውህድ ጣሪያ በኪሎ 40 ሚሊግራም፣ ከሞቃት አገሮች ለሚመጣ ማር 80 አድርጎታል። አንዴ የገባሁበት አንድ ሱቅ ጓዳ ውስጥ የማር በርሜል ቀኑን ሙሉ ቡታ ጋዝ ላይ ተጥዶ አየሁ። «ደንበኛ የረጋ አይገዛማ» አለኝ ልጁ፣ ምንም ሳያፍር። ማሩ ወለላ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ግን የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። ከእሱና ከእርስዎ የረጋ ማር ምረጥ ብባል ሳላስብ የእርስዎን አነሳለሁ።

«ማር አይበላሽም» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 የተገኘው የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የቱታንካሙን መቃብር ውስጥ ማር ተብሎ የተጻፈባቸው ማሰሮዎች ነበሩ፤ «ቀምሰውት ጣፋጭ ነበር» የሚለው ተረት ግን ከወሬ አያልፍም። ማር የማይበላሸው ውሃው ጥቂት፣ አሲዱ በቂ ስለሆነ ነው፤ ለተህዋስያን የሚተርፍ ውሃ የለውም። ክዳኑ ተከፍቶ ክረምቱን ከከረመ ግን ከአየሩ እርጥበት ይጠጣል። መርጋቱ ራሱም እዚህ ላይ አደጋ አለው። የግሉኮስ ክሪስታል ይዞ የሚሄደው ውሃ ጥቂት ነው፤ የተረፈው ውሃ ወደ ፈሳሹ ክፍል ይሄድና ያቀጥነዋል። ስለዚህ ከረጋው በላይ ቀጭን ፈሳሽ ካንሳፈፈ መጀመሪያ የሚቦካው እሱ ነው። አረፋ፣ መኮምጠጥ፣ ክዳኑን ሲከፍቱ «ጥሽ» የሚል ድምፅ ካለ ማሩ በራሱ ጊዜ ጠጅ መሆን ጀምሯል። ጌሾ ካለዎት ይጨርሱለት እንጂ አይድፉት። ለማስቀመጥ ብርጭቆ ወይም ንጹሕ የምግብ ፕላስቲክ ይጠቀሙ፤ ዝገት ያለው ቆርቆሮ ግን በጭራሽ፣ አሲዱ ይበላዋል።

ልጅዎ። ማር ውስጥ ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የሚባል ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ ከአፈርና ከአቧራ ነው የሚመጣው። የትልቅ ሰው አንጀት አያበቅለውም። ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ሊበቅልና ጡንቻ የሚያሽመደምድ መርዝ ሊያመርት ይችላል። በሽታው በሕፃናት ላይ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ አያቶቻችን አራስ ማር ሲያልሱ ይህን የሚነግራቸው አልነበረም። ማሞቅ አይረዳም። ዘሩን ለመግደል በግፊት 120 ዲግሪ ገደማ ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውሃ ራሱ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። ሻይ ውስጥ፣ አጥሚት ውስጥ፣ ጣት ላይ፣ ሁሉም ክልክል ነው። ድንገት ቀምሳ ከሆነና ሆድ ድርቀት፣ የደከመ ለቅሶ፣ ጡት ለመሳብ መስነፍ ወይም መላላት ካዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይውሰዷት። ሳሏንም ሐኪም ይየው። 1 ዓመት ካለፋት በኋላ ማታ ማታ አንድ የሻይ ማንኪያ ማር ሳል እንደሚያስታግስ በጥናት ታይቷል፤ ያኔ ይስጧት። ቤት ውስጥ የስኳር በሽተኛ ካለም «ማር ነው» ብሎ አይዘናጋ፤ ከላይ እንዳልኩት አራት አምስተኛው ስኳር ነው።

ስለዚህ ማሩን ያስቀምጡት፣ ለዳቦ እንደረጋ ይጠቀሙበት፣ ለሻይ የሚበቃዎትን ብቻ ያሙቁ። ሻጩንም አይቀየሙት። በሚቀጥለው ሰኔ ከእሱው ይግዙ፤ በየትኛው ወር፣ ከየትኛው አበባ እንደተቆረጠ ይጠይቁት። ጎረቤትዎ አሁንም ካላመኑ ለእህትዎ ይደውሉላት። ከእሷ ማር ሁለት ሦስት ማንኪያ በትንሽ ብልቃጥ ቀንሳ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጠው፤ ብልቃጡ ከነጣ ፎቶውን ለጎረቤትዎ ያሳዩአቸው።